ሲቪ መቀያየር ማጭበርበር ለሚመስላችሁ ወጣቶች

ሰሞኑን አንዲት በቅርቡ የተመረቀች ልጅ «ለየማስታወቂያው ሲቪዬን መቀያየር ማጭበርበር አይሆንብኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ወድጄዋለሁ፤ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው አይዋሽም። ይኸው ጭንቀት ስንቱን ብቁ ሰው ከበር እንዳስቀረ ሳስብ ግን ያንገበግበኛል። በተለይ የአንዲት ሥራ አመልካች ፋይል እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ማስታወቂያው የንብረት ቁጥጥር ባለሙያ ይፈልጋል። ተፈላጊ ችሎታ፦ በአካውንቲንግ ወይም በተመሳሳይ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በንብረት ቁጥጥር 3 ዓመት የሠራ፣ የዕቃ ቆጠራ የመራ፣ የቆጠራ ሪፖርት የሚያዘጋጅ። አመልካቿ ዲግሪውም ልምዱም ነበራት። ሲቪዋ ላይ የሰፈረው ግን «የሂሳብ ሠራተኛ፣ 4 ዓመት። የተሰጡኝን ሥራዎች በትጋትና በብቃት ተወጥቻለሁ» የሚል ብቻ ነው። ከሥሩ ግማሽ ገጽ ሙሉ ሥልጠና ተደርድሯል፤ የፎቶግራፍ ኮርስ ሳይቀር። መልማዩ የማጣሪያ ቅጹን ይዞ «የንብረት ቁጥጥር ልምድ» ለሚለው ሳጥን የሚሞላው ነገር አጣና ኤክስ አድርጎ አለፈ። ኋላ እንደታወቀው ልጅቷ ከሥራ ዘመኗ አብዛኛውን ያሳለፈችው መጋዘን ውስጥ፣ ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ከዕቃ ጋር ስታመሳክር ነበር። በመልማዩ አትፍረዱ። ያልተጻፈውን ገምቶ ነጥብ ቢሰጥ ሌላው አመልካች አቤት ይላል፤ እውነትም አለው።

ያ መስመር እንዲህ ቢጻፍስ? «በ3 መጋዘኖች የሚገኙ ወደ 1,200 የዕቃ ዓይነቶችን በየ6 ወሩ የሚቆጥር የ4 ሰው ቡድን መርቻለሁ፤ ውጤቱን ከቢን ካርድና ከሂሳብ መዝገብ ጋር አመሳክሬ የልዩነት ሪፖርት አቅርቤያለሁ።» ሥራው በእርግጥ የተሠራ እስከሆነ ድረስ እዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ቀጣሪው የጠየቀው ቆጠራ፣ መምራት፣ ሪፖርት በራሱ ቃል ተመለሰለት፤ ቁጥሩም የሥራውን ስፋት አሳየው። የሥራ መደቡ መጠሪያ ግን «የሂሳብ ሠራተኛ» እንደሆነ ይቆያል። እሱን «የንብረት ቁጥጥር ኃላፊ» ብትለው ከሥራ ልምድ ማስረጃዋ ጋር ይጋጫል፤ ማጭበርበር ማለት ያ ነው። መጠሪያ፣ ቀን፣ የትምህርት ደረጃና ውጤት አይነኩም። የቱ ይቅደም፣ የቱ ይዘርዘር፣ የቱ ይቅር የሚለው ግን የእናንተ መብት ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ያዘጋጀው የሥራ ማመልከቻ ረቂቅ ዛሬም አለ፤ ድልድይ፣ የምሽግ መስበሪያ፣ መድፍ እያለ ይዘረዝርና ሥዕል መሳል እንደሚችል የሚያነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ሥዕሉን አልደበቀም፤ ወረፋ አስያዘው እንጂ።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ለማንም የማይላክ አንድ ዋና ፋይል ይኑራችሁ፤ የሠራችሁት ሁሉ ከነቁጥሩ እዚያ ይግባ፣ 8 ገጽ ቢሆንም ግድ የለም። ማስታወቂያ ስታገኙ ወረቀት ለሁለት ክፈሉና በግራ ተፈላጊ ችሎታዎቹን አንድ በአንድ፣ በቀኝ ከዋናው ፋይል ያገኛችሁትን ማስረጃ አስፍሩ። የግድ የተባለውን «ቢኖረው ይመረጣል» ከተባለው ለዩ። የሥራ ዝርዝሩንም አትዝለሉ፤ ቀጣሪው ሁለት ሦስቴ የደጋገመው ነገር ብዙ ጊዜ እጥረት ያለበት ቦታ ነው። በግራ ካሰፈራችሁት በቀኝ ማስረጃ የተገኘለት ሁሉ ወደሚላከው ሲቪ የመጀመሪያ ገጽ ይወጣል። የግድ ከተባለው ባዶ የቀረ ካለ ጊዜያችሁን አታባክኑ። ብያለሁ፤ ግን 3 ዓመት ለሚል ማስታወቂያ 2 ዓመት ከ10 ወር ያለው ሰው ፈርቶ ሲቀርም አልወድም። እውነተኛውን ጊዜ ጽፎ ያስገባ፤ «አይሆንም» የሚለው ቀጣሪው ይሁን።

ጊዜ ስትጽፉ ወሩን አትርሱ። «ከ2012 እስከ 2013» ማለት 2 ወርም 2 ዓመትም ሊሆን ይችላል፤ ጠንቃቃ መልማይ ዝቅተኛውን ይይዛል። በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ የሠራችሁበትን ደምራችሁ እጥፍ ካደረጋችሁትም ይታወቅባችኋል።

የዛሬ ልጆች ጌጥ ትወዳላችሁ። «ኤክሴል 90 በመቶ» የሚል ባለቀለም መስመር አያለሁ፤ ከምኑ ነው 90 በመቶው? «በፒቮት ቴብል ወርሃዊ የሽያጭ ማጠቃለያ አዘጋጃለሁ» ብትሉ ይገባኛል። ቻትቦት ሲቪ አስተካክል ስትሉትም የማስታወቂያውን ዓረፍተ ነገር መልሶ ነው የሚሰጣችሁ። ስንት መጋዘን እንደቆጠራችሁ ካልነገራችሁት ከየት ያመጣዋል?

ጌጡ ሌላም ጣጣ አለው። ብዙ ቀጣሪዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት በሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከፋይሉ ላይ ጽሑፉን ይለቅማል። ባለ ሁለት ዓምድ ገጽ ላይ የግራውን መስመር ከቀኙ ሊያደባልቅ፣ በገጹ ራስጌ ያስቀመጣችሁትን ስልክ ሊዘል፣ ስካን ተደርጎ የገባውን ደግሞ ጨርሶ ላያነብ ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ፒዲኤፉን ክፈቱ፣ ሁሉንም መርጣችሁ ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ (ተራ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ ለጥፉት። ተዘበራርቆ ከወጣ በአንድ ዓምድ እንደገና ሥሩት። በነጭ ቀለም ቁልፍ ቃላት መደበቅ ብልጠት የሚመስላችሁም አትድከሙ፤ በዚሁ ሙከራ ወለል ብሎ ይታያል። ምህጻረ ቃል ካለ አንድ ጊዜ ከነሙሉ ስሙ ይጻፍ፤ በየትኛው እንደሚፈለግ አታውቁም።

በመጨረሻ፣ ማስታወቂያውን ራሱን አስቀምጡ። የማመልከቻ ቀኑ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ የቃለ መጠይቅ ጥሪው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የላካችሁትን ሲቪ ከማስታወቂያው ጋር በአንድ ፎልደር፣ በመሥሪያ ቤቱ ስምና በቀኑ ሰይማችሁ ያዙ። ጠያቂው ፊት የሚቀመጠው ያው የላካችሁት ቅጂ ስለሆነ ከመግባታችሁ በፊት ደግማችሁ አንብቡት።