ለመምራት የሚቀል የሚና ጨዋታ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ እየተረኩ የሚጫወቱትን የሚና ጨዋታ ልንጀምር ነው። አጫዋቹ፣ ማለትም ታሪኩን የምመራው፣ እኔ ነኝ፤ ረጅም ደንብ የማጥናት ጊዜ ግን የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ዝነኛ ቢሆንም፣ ዋና ደንቡ በሦስት መጻሕፍት የተከፋፈለ በመሆኑ ለጀማሪ አጫዋች ይከብዳል። የምንመርጥልዎ የጆን ሃርፐርን «ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ» ነው፤ ደንቡ በሙሉ በአንድ ገጽ ያልቃል፣ የሚያስፈልገውም እንደ ሉዶው ያለ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ2 እስከ 5 አንድ ቁጥር ይመርጣል፤ በስሌትና በእርጋታ ለሚሠራ ሥራ ዳይሱ ከቁጥሩ በታች፣ በስሜትና በንግግር ለሚሠራ ደግሞ ከቁጥሩ በላይ ሲወጣለት ይሳካለታል። አጫዋቹን በእጅጉ የሚያግዘው ግን፣ እኛም ከሁሉ አብልጠን የወደድነው፣ ጠላቱንና የጠላቱን ዓላማ በዳይስ የሚያስመርጠው ሰንጠረዥ ነው፤ ታሪኩን ቀድመው ሳያዘጋጁ እዚያው ተቀምጠው መጀመር ይችላሉ።