«ዓሣ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ከደብረ ብርሃን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የእንስሳት ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ቤተሰቦችሽ ሸዋ ሮቢት ናቸው። የመመረቂያ ጥናትሽን በዓሣ ዱቄት ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ፤ ዱቄቱ ገንፎ ውስጥ ገብቶ ሕፃናትን ከመቀንጨር እንዲያድን። ከዚያ አዲስ አበባ ገብተሽ እርዳታ ድርጅት መቀጠር። ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «ዓሣ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው? ባንክ ተወዳደሪ» ይልሻል።

ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ። ትንንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ ደርቆ ሲፈጭ ከፕሮቲን ሌላ ካልሲየም፣ ብረትና ዚንክ ይሰጣል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረዋል ብሏል። ጤፍና ስንዴ በሚዛቅበት አገር!

አልዋጥ ያለኝ አዲስ አበባው ነው።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ደጋ ላይ፣ በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት ነው። አንድ ዓመት የዓሣ ኩሬ ፕሮጀክት መጣልን። ኩሬ ተቆፈረ፣ የቆሮሶ ጫጩት ተጭኖ መጣ። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ውሃው ከ16 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ይተዋል። የእኛ አገር ጠዋት ደግሞ ውርጭ ነው። ባለ ኩሬው ገበሬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ ዓሣ በርዶታል» ብሎን ነበር። ሪፖርቱ ላይ «ተሳክቷል» ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያንቺም ዱቄት የሚፈተነው እናትየዋ ጓዳ ውስጥ ነው። ሕፃን አይጾምም። እናቱ ግን በሁዳዴ 55 ቀን የጾም ድስቷን ፍስክ አታስነካም። ዓሣ በጾም ይበላል የሚል ቤት አለ፤ አይበላም የሚልም አለ፤ ሁለቱም አንድ ሰፈር ይኖራሉ። ሽታውስ? ዓሣ በቤቷ ገብቶ የማያውቅ የመንዝ እናት ያንን ዱቄት ስትከፍት ምን ትላለች? ለልጁ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት ቢሰጣትስ? ጥናትሽ ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር ደስ ይለኛል። መልሱን ግን ቢሮ ቁጭ ብለሽ አታገኚውም። ስለዚህ መጀመሪያ ወረዳ ላይ ተቀጠሪ። ሁለት ዓመት በእግርሽ ሂጂ። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ቤት ለቤት ዙሪ። ድርጅቶቹ ያኔም አሉ፤ አንቺ ግን የምትናገሪው ይኖርሻል።

ደሞዙ ትንሽ ነው፤ አልዋሽሽም። ወንድምሽ የቤት ኪራይሽን ስለከፈለ ምስጋና ይገባዋል። ሥራ ሊመርጥልሽ ግን አይችልም። ከደሞዝሽ በየወሩ ስንት እንደምትመልሺለት ቁጥሩን ዛሬውኑ ንገሪው። ከዚያ በኋላ ስለ ባንክ ካነሳ ዝም በይው።

ሁለተኛ ዲግሪ ይቆይ። እንግሊዝኛሽን በየቀኑ አንድ ገጽ በመጻፍ አሻሽይው። ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ሄደሽ ጎብኚ፤ በስልክ ብቻ አይሆንም። የኩሬ ነገር ካማረሽም ደጋውን ተይና ቆላው ላይ፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ አስቢው።

ዱቄቱን ስትሠሪ መጀመሪያ ራስሽ ገንፎ አድርገሽ ብዪው። ከዚያ ለእናትሽ አቅምሻት። ፊቷን እንዴት እንዳደረገች ጻፊልኝ።