ዝም ብላችሁ አትፍቱት

የሶፍትዌር ኢንጂነርነት ሥራ ለምትፈልጉ ታናናሾቼ፣

አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አመልካቾችን ኢንተርቪው ሳደርግ ኖሬያለሁ። ከአገሬ ልጆች ብዙዎቹ ላይ የማየው ነገር ዝምታ ነው። ኮድ ጽፈው የሚፈቱት ጥያቄ ይሰጣቸዋል፣ አንገታቸውን ደፍተው ያስባሉ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ያደግነው ትልቅ ሰው ፊት ያልበሰለ ሐሳብ እንዳናወጣ እየተነገረን ነው። ጠያቂው ግን ሆዳችሁን አያውቅም። ሪፖርቱ ላይ የሚጽፈው የሰማውንና ያየውን ብቻ ነው።

አንድ የታወቀ ጥያቄ ልጥቀስ። የቁጥሮች ዝርዝር ይሰጣችሁና ተደምረው የተባለውን ድምር የሚያመጡትን ሁለቱን ፈልጉ ትባላላችሁ። ኮድ ለመጻፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጠይቁ። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል የተደረደሩ ናቸው? ከዜሮ በታች የሆነ ይኖራል? መልስ ከሌለስ? ቀጥሎ ቀላሉን መንገድ ተናገሩ፤ እያንዳንዱን ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ማጣመር። ዝርዝሩ 10,000 ቁጥር ካለው ግን ወደ 50 ሚሊዮን ጥንድ መፈተሽ ሊኖርባችሁ ነው። ያኔ «ያለፍኩባቸውን ቁጥሮች ሃሽ ማፕ (የተቀመጠን ነገር ቶሎ የሚያገኝ ማስቀመጫ) ውስጥ ባስቀምጥ አንድ ዙር ይበቃኛል፤ ተጨማሪ ሜሞሪ ግን ይፈልጋል» በሉ። እኔ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስሰማ ደስ ይለኛል። ኮዱን ስትጨርሱ በባዶ ዝርዝር፣ ከዚያም 3 እና 3 ተደምረው 6 በሚሆኑበት ዝርዝር ሞክሩት።

ስትጣበቁም የት ላይ እንደተጣበቃችሁ ንገሩት። ፍንጭ ከሰጣችሁ በደስታ ተቀበሉ፤ ነገ አብራችሁ ስትሠሩ ምን እንደምትመስሉ የሚያየው እዚያ ላይ ነው። ሊትኮድ በሚባለው የኮድ ጥያቄዎች መለማመጃ ድረ ገጽ ላይ ብቻችሁን ጸጥ ብላችሁ ከመለማመድ ጓደኛችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ጮክ ብላችሁ ፍቱ።

ስለ ሠራችሁት ፕሮጀክት ስትጠየቁ ደግሞ «እኛ ሠራን» ማለት ታበዛላችሁ። ትሕትናችሁን እወደዋለሁ፤ የሚቀጠረው ግን ቡድኑ አይደለም። የጓደኞቻችሁን ድርሻ አመስግኑና «ይህችን ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ነው» በሉ። ጉራ አይደለም፣ እውነት ነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለውጭ ኩባንያ የምትፈተኑ ሰዓቱን አጣሩ። የሳን ፍራንሲስኮ ጠዋት 10:00 (በፈረንጅ አቆጣጠር) በበጋቸው ለእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው 3 ሰዓት ይሆናል። እነሱ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። መብራት ቢጠፋ ብላችሁ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ፣ ስልካችሁ ላይም ዳታ ይኑር።

ካልተሳካ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን አይነግሯችሁም። ይህ ያማል፣ አውቃለሁ። አይዟችሁ። ብዙ ኩባንያዎች ከወራት በኋላ እንደገና እንድታመለክቱ ይፈቅዳሉ። የተጠየቃችሁትን ለራሳችሁ በዚያው ምሽት ጻፉት፤ ያቃታችሁን ጥያቄ ሳምንቱ ሳያልቅ ለጓደኛችሁ አስረዱት።