ሐይቁም ተቃጠለ እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከጣና ዳር ብዙም ያልራቀ ቁጥቋጦ የለበሰ ኮረብታ ተቃጥሎ ነበር። የቱ ጋ ክፉኛ እንደነደደ ለማወቅ የኅዳርንና የመጋቢትን የሴንቲኔል-2 (የአውሮፓ ሳተላይት) ምስሎች አውርጄ በኪውጂአይኤስ (የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም) ዲኤንቢአር፣ ማለትም የቃጠሎውን መጠን በቁጥር የሚያሳይ ካርታ፣ ሠራሁ፤ ቀይ ማለት የተቃጠለ ነው። ኮረብታው ቀላ፣ እሺ። ግን የገበሬው ማሳ ሁሉ ቀልቷል፤ ሐይቁ ውስጥ እንኳ ቀይ ነጠብጣብ አለ! ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ጣና አልነደደም። ጉድ የሠራህ ኅዳር ነው።

ለምለም ቅጠል በዓይን የማይታየውን የቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን (ሳተላይቱ ብርሃኑን ለይቶ ከሚያነሳባቸው ክፍሎች ባንድ 8) በብዛት ይመልሳል፤ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬዱን (ባንድ 12) ግን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ ይውጠዋል። ሲቃጠል ነገሩ ይገለበጣል። ኤንቢአር የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ነው፣ ዲኤንቢአር ደግሞ ከእሳቱ በፊት ከነበረው ላይ የኋላው ሲቀነስ። እንግዲህ ሳተላይቱ እሳት የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያየው ቅጠልና እርጥበት መቀነሱን ነው። ኅዳር ላይ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ መጋቢት ላይ ግን ያው ታውቀዋለህ፣ እህሉ ታጭዶ ሣሩ ደርቆ አገሩ ሁሉ ገለባ ይሆናል። ያንን ሁሉ ቃጠሎ ብሎ ቆጠረልህ።

ስለዚህ እሳቱ ሊነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረው የተነሳ ምስል ፈልግ። ሁለት ሴንቲኔሎች ተፈራርቀው በየ5 ቀኑ ያልፋሉ፣ በጋ ስለሆነ ደመናውም ያን ያህል አያስቸግርም። የኋላውንም ቶሎ ያዝ፤ ዝናብ ከጣለ አመዱ ይታጠባል፣ ሣሩም ያቆጠቁጣል።

ውኃ ሁለቱንም ብርሃን ስለሚውጥ አካፋዩ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ከዚያ ቁጥሩ በትንሽ በትልቁ ይዘላል። ሐይቁን ቆርጠህ አውጣው። ዳር ዳሩንም አትመን፤ ንፋስ እምቦጩን ገፍቶ ሲወስደው ካርታህ ላይ "ተቃጠለ" ይልልሃል (እንዲህ ቢጠፋማ በወደድን!)።

ሌላው ያ ዲኤንቢአሩ ከ0.66 በላይ ሲሆን ቃጠሎውን "ከባድ" የሚለው ሠንጠረዥ ነው። የወጣው የአሜሪካን ደን አይቶ ነው። የእኛ ቁጥቋጦ መጀመሪያውኑ ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ድብን ብሎ ነድዶ እንኳ እዚያ ላይደርስ ይችላል። ኮረብታው ላይ ውጣና ግንዱ ምን ያህል እንደከሰለ፣ ሥሩ እንደተረፈ እያየህ በስልክህ ጂፒኤስ ነጥብ ያዝ፣ ደረጃውን በዚያ አስተካክል። ባንድ 12 ላይ አንድ ፒክሰል 20 ሜትር በ20 ሜትር ነው፣ ለአንዲት ዛፍ አትጨነቅ። ይህን ሁሉ አድርገህ ማሳ ቀይ ሆኖ ከቀረ ባለቤቱን ጠይቀው፤ ገለባውን አቃጥሎት ሊሆን ይችላል።