ስለ ባሕር ዳርቻው ፎቶ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ፎቶኮፒውን እንዳትተነትኚ

ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። «ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ አሸዋ ላይ የተኛ ሰውዬ ፎቶ ሰጥተው ፎርማል ኤለመንቱን (መስመሩን፣ ቅርጹን፣ ብርሃኑን) ተንትኚ አሉኝ፤ ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። ይሄ የአውስትራሊያዊው የማክስ ዱፔይን ፎቶ መሆን አለበት፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ያነሳው። ለእኛም የሰጡን እሱኑ ነበር፤ ዘንድሮም አልቀየሩትም ማለት ነው። መስመር ምንድን ነው፣ ቅርጽ ምንድን ነው የሚለው ሃንድአውትሽ ላይ ስላለ አልደግመውም። እኔ ከ20 እንዴት 6 እንዳገኘሁ ልንገርሽና አንቺ ተርፊ።

1ኛ፦ ከወረቀት ላይ አትሥሪ። ያኔ የስልኬ ስክሪን ተሰብሮ ስለነበር ፎቶውን በፍላሽ ይዤ እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ገባሁ። ልጁ ወረቀቱን እንዲሞላለት ብሎ ፎቶውን ወደ ላይ ሳበው። ዋናው ግን ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ቶነሩም እያለቀ ስለነበር ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጥቁር ጭረት ጥሎበት ወጣ። እኔ ምን አውቄ! ጀበና ጥጄ ሌሊቱን ሙሉ ጻፍኩልሽ፦ «የትከሻውና የጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ሹል ሆኖ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከላይ የሚወርዱት ቀጥ ያሉ መስመሮች የፀሐይን ጨረር ያሳያሉ።» ጨረር! የቶነር ጭረት እኮ ነው። በኋላ ፎቶውን ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ሳየው ላብ አጠመቀኝ። ሰውዬው ጭንቅላቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ትከሻው እንደ ሰፊ ኮረብታ ፍሬሙን ሞልቶ ተኝቷል። ሹል የሚባል ነገር የለውም። የቅርጹ ጉልበት ስፋቱና ክብደቱ ነው፤ እኔ ተቃራኒውን ነው ሁለት ገጽ የጻፍኩት። መምህሩ ዳር ላይ በቀይ «የት አየኸው?» ብሎ ብቻ አለፈ።

2ኛ፦ ውጤት ከተበላሸ በኋላ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተቺ። ወረቀቱን ከዋናው ፎቶ ጋር ይዤ ላስረዳ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ነገ ና» አለች። ነገም «ስብሰባ ናቸው»። በሦስተኛው ቀን «የቅሬታ ጊዜ አልፏል»። እኔ ስመጣ አላለፈም ነበር እኮ! አሳለፍሽው እንጂ! ይህን በአፌ አልተናገርኩም፣ በባጃጅ ስመለስ ነው ያሰብኩት። የሦስት ቀን ደርሶ መልስ የከፈልኩት የትራንስፖርት ገንዘብ ጥርት ያለ ፕሪንት ያሠራኝ ነበር።

3ኛ፦ ካሜራው የት እንደነበር ፈልጊ። ይህን ያስተማረኝ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው አይደለም። መርካቶ በኩል ስቱዲዮ የነበራቸው አንድ አዛውንት ፎቶ አንሺ አሉ፤ ፎቶውን ሳሳያቸው ሰውዬውን ትተው «አንሺው የት ነው ያለው? ቆሟል? ተቀምጧል? ሆዱ ላይ ነው?» አሉኝ። መልሱ ጠፋኝ። ቤት ሄጄ፣ ጀንፈል ከተሰጣበት ሰሌን አጠገብ የአክስቴን ልጅ ውኃ አርከፍክፌበት በሆዱ አስተኛሁትና መጀመሪያ ቆሜ አነሳሁት። የደከመው ልጅ፣ ሰሌን፣ አጥር፣ ዶሮ፣ ሁሉም ገባ። ከዚያ እኔም በሆዴ ተኝቼ ስልኩን መሬት አስነካሁት። ልጁ ተራራ ሆነ በይኝ! አጥሩ ከትከሻው ጀርባ ተደበቀ፣ ከላይ ሰማይ ብቻ ቀረ። ጎረቤት እየሳቀብኝ ነበር፣ ግድ የለኝም። ዱፔይንም ሌንሱን ወደ አሸዋው አውርዶ ነው ያን ሰው ከሰውነት ወደ ቅርጽ የቀየረው። ይቺን አንድ ነገር ከያዝሽ ሌላው ተከትሎ ይመጣል፦ ጠቆር ያለው አካል ከፈዛዛው ሰማይ ጋር ለምን እንደሚላተም፣ ፊቱ በጥላ ስለተዋጠ ዓይንሽ ለምን ክንዱ ላይ እንደሚያርፍ፣ ክንዱ ላይ ያሉት የውኃ ጠብታዎችና የአሸዋው ቅንጣት ለምን በጣት የሚነኩ እንደሚመስሉ። ጥቁርና ነጭ መሆኑንም አትዝለዪው፤ ቀለም ቢኖር ቆዳውን ታዪ ነበር፣ አሁን የምታዪው ብርሃኑን ነው።

ስለ ትርጉሙ መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ይበቃል። እኔ ባሕር ያላየሁበትን ለማካካስ ብዬ አንድ ሙሉ ገጽ «የአውስትራሊያዊ ነፃነት፣ የባሕር ዳርቻ ሕዝብ መንፈስ» እያልኩ ሞላሁት። ሰውዬው ለካ የፎቶ አንሺው ጓደኛ፣ ከእንግሊዝ የሄደ ግንበኛ ነው! ደግሞ ፎቶው የአገር ምልክት እስከመሆን የደረሰው ከተነሳ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለኤግዚቢሽን ከታተመ ወዲህ ነው። ስለዚህ በ1937 ስለተሰማው ብሔራዊ ስሜት የጻፍኩት ሁሉ ከራሴ የፈለቀ ነበር። ባሕር አለማየትሽ ደግሞ አያሳፍርም፤ ጅማ ተወልዶ አዌቱን ብቻ ያየ ሰውም ጥላ የት እንደወደቀ ማየት ይችላል።

ለፋይናል የእንግሊዛዊውን ፎቶ አንሺ የማርቲን ፓርን የኒው ብራይተን ባሕር ዳርቻ ፎቶ ነበር የመረጥኩት፣ ሊቨርፑል አጠገብ በ1983 እና በ1985 እ.ኤ.አ. መካከል ካነሳቸው አንዱን። በጠራራ ቀን ፍላሽ ይተኩስ ነበር ሰውዬው! ጥላው ይሳሳል፣ አይስክሬሙና ቆሻሻው እኩል ያበራል፣ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ዓይንሽ ያጣል። ከዱፔይን ጋር አስተያይቼ ሦስት ገጽ ጻፍኩ፣ ትርጉም የሚል ቃል አንድም ጊዜ ሳልጠቀም። ከ40 37። ያው መምህር ነው።

አንቺም ማወዳደሪያ ከተፈቀደልሽ ይህን ሞክሪ። ጥርት ያለውን ፎቶ ካጣሽው በውስጥ ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ። ፎቶኮፒ ቤቱን ግን የትኛው ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ልጁ አሁን ጎረቤቴ ሆኗል።