ጥያቄና መልስ፦ «እንደ ኢዮብ መታገሥ አቃተኝ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዘኝ 6 ዓመት ሆነኝ። መድኃኒቱ ያስታግስልኛል እንጂ አላዳነኝም፤ ሐኪሙም አብሮኝ እንደሚኖር ነግሮኛል። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሌሊት ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳኝ ግን ፈጣሪዬን «ምን አደረግሁህ?» እያልሁ አማርራለሁ። ሲነጋ በተናገርሁት አፍራለሁ። ወዳጆቼ «ኢዮብን አስቢ» ይሉኛል። እኔ ኢዮብን መሆን አቃተኝ። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ።

ጸልዪ፣ ንስሐ ግቢ ብዬ አልጀምርም። ይህን ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ነግሮሻል፤ አንቺም ስታደርጊው ኖረሻል። እኔን የያዘኝ ያ «ኢዮብን አስቢ» የሚለው ነገር ነው።

እኔም ድሮ እንደ ወዳጆችሽ ነበርሁ። ለዓመታት አልጋ ላይ የቆዩ አንዲት እናት ልጠይቅ ሄጄ «እማማ፣ ኢዮብን ያስቡ» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «የትኛውን ኢዮብ ልጄ? የምዕራፍ 1ን ነው የምዕራፍ 3ን?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን እንደ አዲስ አነበብሁት። (ሰባኪም አንዳንዴ ሲሰበክለት ጥሩ ነው።)

አብዛኞቻችን የምናውቀው የመጀመሪያዎቹን 2 ምዕራፎች ኢዮብ ነው። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» ይላል። ከዚያ ዘለን ምዕራፍ 42 ላይ ጉብ እንላለን፤ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት። መካከሉን ማን ያነበዋል? ምዕራፍ 3 ሲከፈት ያው ታጋሽ ሰው የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ምዕራፍ 7 ላይ ሌሊቱ እንደሚረዝምበት፣ እስኪነጋ እንደሚገላበጥ ይናገራል። እግዚአብሔርን ራሱን «ለምን ዒላማህ አደረግኸኝ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አንቺ ሌሊት የምትይው ከዚህ አይብስም።

እርግጥ ነው፣ ከምዕራፍ 38 ጀምሮ እግዚአብሔር ኢዮብን በተራው ይጠይቀዋል፤ ኢዮብም እጁን በአፉ ላይ ይጭናል። ይህን አልደብቅሽም። ነገር ግን ቁጣው የነደደው በማን ላይ እንደሆነ እዪ። ለእግዚአብሔር ጠበቃ ቆመው «ይህ የደረሰብህ በኃጢአትህ ነው» ሲሉት በከረሙት ወዳጆቹ ላይ ነው። «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅንን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም» አላቸው። ይቅርታ ያገኙትም ያ ሲጮህ የከረመው ሕመምተኛ ጸልዮላቸው ነው።

«ታዲያ እስራኤል በምድረ በዳ ስላጉረመረሙ አልተቀጡም?» ትዪኝ ይሆናል። ይህን ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁት! ዘዳግም 1፥27 «በድንኳኖቻችሁም ውስጥ አጉረመረማችሁ» ይላል። ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጠው ስለ እርሱ ያወራሉ፤ ለእርሱ ግን አይነግሩትም። ሐሜት በይው። ዳዊት ደግሞ «ልመናዬን በፊቱ አፈስሳለሁ፥ መከራዬንም በፊቱ እናገራለሁ» አለ። «በፊቱ» የምትለዋን ቃል ያዢልኝ። የተቀየመ ልጅ አባቱን ያኮርፋል፣ ክፍሉን ይዘጋል። አንቺ በሌሊት ስሙን ጠርተሽ ነው የምታለቅሺው። መዝሙር 87ን (በሌላው አቆጣጠር 88ን) አንብቢው። ከጩኸት ተነሥቶ ጨለማ ላይ ያልቃል፤ መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና እንኳ አይዞርም። ቤተ ክርስቲያን ግን ከዳዊት መዝሙር አውጥታ አልጣለችውም። ጸሎት ነውና ትጸልየዋለች።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ማፈሩን ተዪው።

አሁን ጠንከር ብዬ የምናገረው አለ። «የደበቅሽው ኃጢአት ቢኖር ነው» የሚልሽ ካለ፣ ዮሐንስ 9ን እንዲያነብ ላኪው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ያንኑ ጠይቀው የተመለሰላቸውን ያገኘዋል። «እምነት ካለሽ መድኃኒቱን ጣዪ» የሚልሽን ደግሞ በጭራሽ እንዳትሰሚው! ጳውሎስ ስንቱን የፈወሰ ሐዋርያ ነው፤ ጢሞቴዎስን ግን ስለ ሆዱና ስለሚደጋገምበት ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎ መከረው። ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄደ። የራሱን መውጊያ እንዲያነሣለት 3 ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነበር፣ መውጊያው አልተነሣም። እነዚህ ሁሉ እምነት አጥተው ነው እንዴ?

ሌላም አለ። ረጅም ሕመም ሥጋን ብቻ አይዝም። እንቅልፍ ሲያጣ የኖረ ሰው ሕመሙ ይብስበታል፤ ሕመሙ ሲብስ እንቅልፉ ጭራሽ ይጠፋል፤ በዚህ መሐል ልብ ይጨልማል። ሐኪሞች ይህን ድባቴ ይሉታል፣ ሕክምናም አለው። ለመገጣጠሚያሽ ሐኪም እንደምትሄጂ ለዚህም ተናገሪ። ኤልያስ ከበረሃው ዛፍ ሥር «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ሞትን ለመነ። የመጣለት መልአክ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንደገና ተኛ፤ ሁለተኛም መጥቶ አበላው። ስብከት የለም! አንቺም «ምነው በሞትሁ» የሚል ሐሳብ የሚመላለስብሽ ከሆነ፣ በተለይ ራስሽን ለመጉዳት ካሰብሽ፣ ነገ አትበዪ። ዛሬውኑ ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ንገሪ። ብቻሽን አትሁኚ።

«እንዴት ነሽ?» ለሚሉሽ ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለትሽን አትተዪ። «ደህና ነኝ» የምትለዋን ግን ደህና ባልሆንሽ ቀን አውጫት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ግን በጣም አሞኛል» በዪ። ለሁሉም አይባልም፤ ሰምቶ ለሚያዝን ይባላል። ጌታችን በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ያለው ለደቀ መዛሙርቱ ሁሉ አልነበረም። 3ቱን ይዞ ፈቀቅ ብሎ ነው የነገራቸው። (እነርሱም እንቅልፍ ጣላቸው፤ ሰው ነዋ።)

መቆምና መስገድ ስላቃተሽም የምትሳቀቂ ይመስለኛል። ለንስሐ አባትሽ ሳትሸፍኚ ንገሪያቸው፤ ልክሽን ያውቁልሻል። ያዕቆብ 5፥14 የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች «ወደ እርሱ ይጥራ» ነው የሚለው። ተነሥቶ ይሂድ አላለም። ጥሪያቸው፤ መጥተው ይጸልዩልሽ።

የምትጸልዪበት ቃል የሚጠፋሽ ሌሊትም ይመጣል። ማርቆስ 2 ላይ ያለውን ሽባ አስታውሺ። 4 ሰዎች ተሸክመው፣ ጣሪያ ነድለው አወረዱት። ወንጌሉ «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ይላል፤ የተሸካሚዎቹን ማለት ነው። ሰውዬው በዚያች ሰዓት አልጋው ላይ ከመተኛት ሌላ ምን ሲያደርግ እንደነበር አልተጻፈም። እንግዲህ አንቺም ተሸካሚዎችሽን ፈልጊ፤ አንዷ እኅት በሌሊት ስልክ የምታነሣልሽ፣ አንዱ መዝሙሩን የሚያነብልሽ። 4 ባይሞሉም በ2 ጀምሪ።