የመውጫ ማህተም ጉዳይ፦ ለኮምቦልቻው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ፈረንሳዊ ሞምባሳ ላይ ባለ ሸራ ጀልባ አለው፤ እስከ ሲሸልስ አብረኸው እንድትጓዝ ጋብዞሃል፤ ደሞዝ የለውም፣ ምግብና መኝታ በእሱ ነው። ኬንያም ሲሸልስም ለኢትዮጵያዊ ቪዛ ስለማይጠይቁ «ፓስፖርት ይበቃኛል አይደል?» ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ሁሉ መርቀው ሸኙህ። አይበቃህም። እኔም ይበቃኛል ብዬ ነበር።

የእኔ መንገድ በ2009 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ በስዊዝ ቦይ እስከ ፖርት ሰይድ ነበር። የአንተ ሌላ ነው፤ የወደብ ቢሮ ግን የትም አገር ባሕርይው አንድ ነው። የእኔን መንገድ ዛሬ ማንም እንዲደግመው አልፈልግም፤ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ናት፣ ቀይ ባሕር ላይም ከኅዳር 2016 ወዲህ በመርከቦች ላይ የደረሰውን ሰምተሃል። ስለ ሕይወት አድን ጃኬትና ስለ ማቅለሽለሽ ሌሎች ይንገሩህ። እኔ ኪሴን ወዳራቆተው ጉዳይ ልግባ።

1. ስምህ በመርከበኞች ዝርዝር ላይ ሳይሰፍር፣ ፓስፖርትህም የመውጫ ማህተም ሳይመታበት ጀልባው ላይ አትውጣ።

ጀልባ ከአንድ አገር ሲወጣ ካፒቴኑ ክሊራንስ የሚባል የመውጫ ፈቃድ ያወጣል። ወረቀቱ የጀልባውን ስም፣ ቀጣዩን ወደብና የተሳፈሩትን ሰዎች ይዘረዝራል። ቀጣዩ ወደብ ስትደርስ ቢጫ ባንዲራ ሰቅለህ ትጠብቃለህ፤ ሹሞቹ መጥተው መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ወረቀት ነው።

እኔ ያኔ ጅቡቲ ውስጥ በአንድ ጋራዥ የናፍጣ ሞተር እጠግን ነበር። ጡረታ የወጣ ሆላንዳዊና ሚስቱ ከሕንድ ውቅያኖስ ተሻግረው መጥተው የጀልባቸው ሞተር አስቸገራቸው። ሦስት መካኒክ አይቶት ነበር። ችግሩ የማቀዝቀዣው ውሃ ፓምፕ ውስጥ ያለው የጎማ ክንፍ ነበር፤ ተሰባብሮ ስብርባሪው ቱቦውን ደፍኖታል። በአርባ ደቂቃ ጨረስኩ፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰውየው እጄን እያየ «ሦስተኛ ሰው እንፈልጋለን፣ አብረኸን ና» አለኝ። እኔ ደግሞ ሐይቅ ከተማ ያደግሁ፣ ዋና በሐይቁ ዳር የተማርኩ፣ ባሕርንም የሐይቅ ታላቅ ወንድም አድርጌ የማስብ ሰው ነኝ። እሺ አልኩ።

እሺ ያልኩት ሐሙስ ማታ ነው። እሱ ክሊራንሱን ረቡዕ ለሁለት ሰው አውጥቶ ጨርሷል። ዓርብ ቢሮ ዝግ ነው፤ ነፋሱ ግን ከኋላ እየገፋ ነው፣ ሊያመልጠው አልፈለገም። «ቀጣዩ ወደብ ላይ አስተካክለዋለሁ» አለኝ። ዓርብ ሊነጋጋ ሲል በትንሿ የጎማ ጀልባ ወሰደኝ። ፓስፖርቴ ላይ የጅቡቲ መግቢያ ማህተም አለ፣ መውጫ የለም።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹን ቀናት በምንም አልለውጣቸውም። ባብ ኤል መንደብን ሲመሽ አለፍን። በየተራ ሦስት ሦስት ሰዓት እየነቃን ስድስት ስድስት ሰዓት እናርፋለን፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ተራ የእኔ ነበር። በግራ በኩል ዝቅ ብሎ መብራት አየሁ። ካርታው አሰብ ይላል። አባቴ ሃያ ዓመት በኤንትሬ ከደሴ አሰብ ተመላልሷል፤ ባቲን፣ ሚሌን፣ ቡሬን እንደ ጸሎት ይደረድራቸው ነበር፤ እኔ ግን አሰብን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። መሪውን ይዤ ብቻዬን አለቀስኩ። ያኔ በሁለቱ አገሮች መካከል በሩ ዝግ ነበርና ምጽዋ ገብተን ውሃና ናፍጣ ለመቅዳት የነበረውን ሐሳብም በእኔ ፓስፖርት ምክንያት ተዉት። ሴትየዋ ለሁለት ቀን በደንብ አላናገረችኝም።

የሱዳን ውሃ ውስጥ ከገባን በኋላ ነፋሱ ፊቱን አዞረብን። ከዚያ በላይ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን የሚነፍስ ነው፤ እኛ ደግሞ ወደ ሰሜን ነን። በስምንተኛው ቀን አንዲት አሮጌ ወደብ ደረስን፣ ስሟን አልጠራም። የጀልባውን የወደብ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ወኪል ከአንድ ሹም ጋር መጣ። ሹሙ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶው ጫፍ ቆጠረን። ሰውየውን፣ «ዋሒድ»። ሴትየዋን፣ «ኢትኔን»። እስክሪብቶው እኔ ላይ ሲደርስ አየር ላይ ቆመ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ እኔ እዚያ ተጽፌ እንደሆነ ብሎ ይመስለኛል።

ቢሮ ወሰዱኝ። ጠረጴዛው ላይ ፓስፖርቴን ሳይከፍት አስቀምጦ ሻይውን ጠጣ፤ ሁለተኛ ሻይ አስመጣ፤ ጋዜጣ አነበበ። ጅቡቲ የለቀምኳት አረብኛ ነበረችኝና ሰላምታ ባቀርብለት «በቋንቋዬ አትናገር፣ ወረቀት አምጣ» አለኝ። ከየት ላምጣ? የእሱ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ከጅቡቲ ካልወጣህ እዚህ እንዴት ተገኘህ? ትክክል ነበር፣ ያናደደኝም ትክክል መሆኑ ነው። መቶ ሃምሳ ዶላር ቅጣት ከፈልኩ፤ ካፒቴኑ ግማሹን ሰጠኝ፣ ግማሹን «ስንደርስ» አለ።

ባልና ሚስቱ የመውረጃ ፈቃድ ተሰጥቷቸው ሲዝናኑ እኔ አራት ቀን ከጀልባው እንዳልወርድ ተከለከልኩ። ከመልሕቃችን ትንሽ ራቅ ብሎ ሴቶች ዳር ላይ ቡና ይወቅጣሉ። ከዝንጅብል ጋር ነው የሚያፈሉት፣ በጀበና። ሽታው በማታ ነፋስ ይመጣል። የወሎ ሰው ሆነህ ቡና እየሸተተህ መቀመጥን አስበው፤ ቅጣቱ እሱ ነበር፣ ዶላሩማ ያልፋል።

2. የመመለሻህን ገንዘብ ማን እንደሚከፍል ከመነሳትህ በፊት አጽፍ። በብዙ ወደቦች ካፒቴኑ ይዞት የገባውን ሰው የማስወጣት ኃላፊነት አለበት፤ ይህን እኔ ያወቅሁት ከሁሉ በኋላ ነው። ማዕበልና ኮራል ስንሸሽ፣ በየማርሳው (ጀልባ በሚጠለልበት የባሕር ዳር ጥግ) ነፋስ ጋብ እስኪል ስንጠብቅ ከአንድ ወር በላይ ፈጀን። ቦዩ 193 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትንሽ ጀልባ በሌሊት ስለማይፈቀድለት ኢስማኢሊያ አድረን በማግስቱ ፖርት ሰይድ ገባን። እነሱ ወደ ቆጵሮስ፣ እኔ ወደየትም። ወኪሉ ባመቻቸው ፈቃድ፣ ፖሊስ አጠገቤ ተቀምጦ ካይሮ አየር ማረፊያ ደረስኩ። ቲኬቱን የገዛሁት በራሴ ነው። ያ «ስንደርስ» ያለው ግማሽ ቅጣትም እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ዋናው ገና ነው። ደሴ ሳምንት አርፌ ወደ ሥራዬ ልመለስ በጭነት መኪና ድንበር ሄድኩ። የጅቡቲ ኢሚግሬሽኑ ልጅ ፓስፖርቴን አገላበጠ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። «አንተ እኮ ጅቡቲ ውስጥ ነህ» አለኝ። ቆሜ እያየኝ! የገባሁበት ማህተም አለ፣ የወጣሁበት የለም፤ እንደ መዝገቡ ከሆነ ፈቃዴ ካለፈ በኋላም እዚያው ተደብቄ እየኖርኩ ነው። የወር ተኩል ደሞዜን የሚያህል ቅጣት ተጠየቅሁ፤ ገንዘቡ እስኪሰበሰብ ጋራዡ ሌላ ሰው ቀጠረ። አሁን ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ደረቅ ወደብ ይሻለኛል፣ ማንም አይቆጥረኝም።

ስለዚህ የአንተ ጉዳይ ሲሸልስ መግባት አይደለም፣ ከኬንያ መውጣት ነው። ቪዛ የለም ማለት ማህተም የለም ማለት አይደለም። ከፈረንሳዊው ጋር በእግርህ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሂድ፤ «እኔ እጨርሰዋለሁ» ቢልህ እሺ አትበል። ክሊራንሱን ስምህ ካለበት ገጽ ጋር በስልክህ ፎቶ አንሳ። ባሕር ዳር ከተማ የመርከብ ሙያ ተምሮ የመጣ ጓደኛህ የመርከበኛ ደብተሩን ቢያሳይህ አትዘናጋ፤ እሱ ንግድ መርከብ ላይ ለሚቀጠር ሰው ነው፣ በሰው የግል ጀልባ ላይ የማህተሙን ቦታ አይተካልህም።

3. ስንቅ። ሁለት ኪሎ በሶና አንድ ጣሳ ጭኮ ያዝ። ጀልባው ሲናወጥ ምድጃ የሚለኩስ ሰው የለም፤ በሶ ግን በጽዋ ውሃ በጥብጠህ በአንድ እጅህ ትጠጣዋለህ። ሆላንዳዊው መጀመሪያ ቀን «የሲሚንቶ ዱቄት ነው?» ብሎ ስቆ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ከእኔ ተደብቆ ከጣሳው ሲዘግን ይዤዋለሁ። ገብሱን ግን እናትህ ቆልታ ታስፈጭልህ፣ ከሱቅ የተፈጨ አትግዛ፤ አሸዋ አለበት።